የጉርብትናው ድምፅ

ኖላዊት የሞተችው ሕዝበ ውሳኔው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሐሴት መርዶውን የሰማችው፣ እንደ ሌላው ነገር ሁሉ፣ ከግድግዳው ነበር።

ገና አንድ ሰዓት ተኩል አልሆነም። ሐሴት ስልሳ አንድ ዓመት የሞላት፣ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች የምትኖር ባልቴት ናት። ለደብረ ብርሃን ብርድ ትከሻዋ ላይ ጋቢ ደርባ፣ በዘጠነኛው ፎቅ መስኮት ስር ተቀምጣ የስፌት መኪናዋን ዘይት ትቀባለች። ጎረቤቶቿ በየማለዳው በዚያ ሰዓት ግድግዳው ላይ በተገጠመው ድምፅ ማጉያ አንድ በአንድ ይገባሉ። መጀመሪያ ጋሽ ኢዮስያስ ጉሮሮውን ጠርጎ "እንዴት አደራችሁ" ይላል። ቀጥላ ማክዳ እየሳቀች ትመጣለች። ከዚያ ኖላዊት። ሰባት ናቸው፤ ከእሷ ጋር ስምንት።

ከስምንት ሰው በላይ አንድ ወሬ አብሮ እንዳይሰማ ሕግ የወጣው ከዚያ ክፉ ዘመን በኋላ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ወሬ በአንድ ጀምበር ሚሊዮን ጆሮ ውስጥ ገብቶ፣ ሰው ቤት እየመረጠ ያቃጥል ነበር። ዜና የሚባል ነገር ቀረና ጉርብትና መጣ። ሰው የሚሰማውን በየከተማው ከተመደቡለት ሰባት ጎረቤቶቹ ይሰማል፣ የሚያስበውን ለጎረቤቶቹ ይናገራል፤ ግድግዳው መሃል ሆኖ ያቀባብላል። ሐሴት ባሏን ከቀበረች ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖራለች። ከሰባቱ አንዳቸውንም በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ እንዲያም ሆኖ የማክዳን የምጥ ሰዓት አብራ ጠብቃለች፣ ጋሽ ኢዮስያስ ጡረታ ሲወጣ አብራው ከፍቷታል።

"ሐሴት፣ ተቀምጠሻል?" አላት ጋሽ ኢዮስያስ ያን ቀን።

"ምነው?"

"ኖላዊት አረፈች። ልቧ ነው አሉ።"

ሐሴት ደረቷን ደቃች። ከሰባቱ ሁሉ ኖላዊት ሌላ ነበረች። ባሏ የሞተ ሰሞን እንቅልፍ እምቢ ሲላት እስክትተኛ ድረስ የምታወራላት እሷ ነበረች። ደረቅ ሳል ነበራት፤ ወሬ መሃል ላይ "ይቅርታ የኔ እህት" ብላ ስላ ትመለሳለች። ባለፈው ሐሙስ፣ ድምፅዋ ደከም ብሎ፣ "እኔ እንጃ፣ ለሕዝበ ውሳኔው የምደርስ አይመስለኝም። ካልደረስኩ ድምፄን አንቺ ስጪልኝ። ይገደብ በይልኝ" ብላት ነበር። ሐሴትም "አፍሽን ቁረጪው" ብላ ተቆጥታት ነበር።

ይገደብ አይገደብ የተባለው ወንዝ በሾላምድር ሸለቆ የሚያልፈው ነው። ከተገደበ ውሃው ለደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ላሉ ከተሞች ይደርሳል፤ ሾላምድር ደግሞ ከነቤቱ፣ ከነማሳው ውሃ ስር ይገባል። ሐሴት የተወለደችው ሾላምድር ነው። ታናሽ ወንድሟ ኪሩቤል እስካሁን እዚያው ብርቱካን እያለማ ይኖራል። ወሬው የተጀመረ ሰሞን "በሬሳዬ ላይ!" ብላ ጎረቤቶቿን አፍ አስይዛ ነበር። ማንም አልተከራከራትም። ኖላዊት ብቻ አንዳንዴ ስለ ልጅ ልጇ ታወራለች፤ ሕፃኗ ከትምህርት በፊት ውሃ ወረፋ ላይ ስለምትቆመው፣ ጄሪካኑን ስትጎትት እግሯን ስለ መታት። ሌላ ቀን ማክዳ አንድ ነገር ጣል ታደርጋለች። ሌላ ቀን ጋሽ ኢዮስያስ "እኔም እንደ አንቺ ነበር የማስበው" ይላል። ዓመት ሳይሞላ ሐሴት ወንድሟን ስልክ ላይ "ለመቶ ቤት ብላችሁ ስንቱን ሕፃን ታስጠማላችሁ?" ስትለው ተገኘች። እሱም "እንዲህ የምትለኝ እህት የለችኝም" ብሎ ዘጋባት። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ወር ሆነ፤ አልደወለችም፣ አልደወለም።

"ለቅሶ እሄዳለሁ" አለች ሐሴት፣ ጥቁር ነጠላዋን ከሳጥን እያወጣች።

"የት?" አለች ማክዳ።

"ደሴ ነዋ! ቤቷ።"

"ቀብሩ ዛሬ ስድስት ሰዓት ነው፤ አትደርሺም" አላት ጋሽ ኢዮስያስ።

"ቀብር ባልደርስ ለቅሶ እደርሳለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ያጫወተችኝን ሴት ቤቷ ሄጄ ሳላለቅስላት ልቅር?"

ግድግዳው ዝም አለ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲያ ዝም ሲል ሰምታው አታውቅም። ከዚያ ማክዳ ቀስ ብላ፣ "እዚሁ አብረን እናልቅስላት" አለችና ማልቀስ ጀመረች። ጋሽ ኢዮስያስ ተከተላት። ስድስቱም አለቀሱ። ሐሴት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ በሩን ከኋላዋ ስትዘጋ እያለቀሱ ነበር፤ ደረጃውን ወርዳ ስምንተኛው ፎቅ ስትደርስም ልቅሷቸው ይሰማት ነበር።

*

አድራሻውን የምታውቀው ከሦስት ዓመት በፊት ለኖላዊት የልጅ ልጅ ዩኒፎርም ሰፍታ ልካ ስለነበር ነው። ደሴ፣ ከሆጤ በላይ፣ አቀበቱ የሚያልቅበት፣ ሰማያዊ በር። አውቶቡሱ ከሰዓት በኋላ አደረሳት። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል። ልቅሶ ያለበት ሰፈር ድንኳን ይኖረዋል፣ የወንበር ድምፅ ይኖረዋል ብላ ጆሮዋን አቅንታ ወጣች። ምንም የለም።

ሰማያዊው በር አለ። ከበሩ በስተጀርባ ግን ቤት የለም፤ ባሕር ዛፍ የበቀለበት ባዶ ቦታና ከመሠረቱ ላይ የቆመ ግማሽ ግንብ ነው። በሩ አጠገብ ሻይና ብስኩት የምትሸጥ ሴት የቆርቆሮ ዳስ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ከፊት ለፊቷ ባለው አግዳሚ ላይ ጥቁር ኮት የለበሰ ሽማግሌ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቷል።

"ለቅሶ ነው?" አለቻት ሻይ ሻጯ፣ ሐሴት ሳትጠይቃት።

"አዎ፣ የወይዘሮ ኖላዊት ቤት..."

"አረፍ በሉ እናቴ፣ አብሽሩ።" ሴትዮዋ ኢክራም ትባላለች። ሻይ ቀዳችላትና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ከእሁድ ወዲህ አምስተኛዋ ነዎት። እሳቸው አራተኛው ናቸው። መጀመሪያ የመጣችዋን ተሳስታ መስሎኝ ወደ ታች መራኋት። አሁንስ አግዳሚውን አውጥቼ መጠበቅ ጀመርኩ። ሰው ሁሉ ምን ሆኖ ነው ባዶ ቦታ ለቅሶ የሚመጣው?"

"ባዶ አይደለም። ኖላዊት እዚህ ትኖራለች። ዩኒፎርም ልኬላት ደርሷታል። 'እንዴት አማረባት መሰለሽ' ብላኛለች።"

ኢክራም አላመነታችም። ከዳሱ ውስጥ አንድ ካርቶን ጎተተች። ውስጡ ያልተከፈቱ ጥቅሎች ነበሩ፦ በርበሬ፣ የሕፃን ሹራብ፣ መድኃኒት፣ የጸሎት መጽሐፍ። "ተቀባይ ሲጠፋ እኔ ዘንድ ይጥሉታል። ባለቤቱ ይመጣል ብዬ አንዱንም አልነካሁም።" ከስር ሐሴት የራሷን እጅ ጽሕፈት አየች። ጥቅሉን ፈታችው። ሰማያዊው ቀሚስ እንዳጠፈችው፣ ኪሱ ላይ ከተወችው መርፌ ጋር፣ እንዳለ ነው።

ሐሴት ልታለቅስ ነበር የመጣችው፤ እንባው ግን የት እንደሚሄድ አላወቀም። ቀሚሱን ጭኗ ላይ አድርጋ መልሳ አጠፈችው።

ሽማግሌው ቀና አለ። "የእኔው ሻምበል ሶፎንያስ ይባል ነበር" አለ። "ያፌት እባላለሁ። ሸዋ ሮቢት ሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመት ቼዝ ተጫውተናል፤ እሱ በግድግዳው ሲነግረኝ እኔ ጠጠሩን አንቀሳቅስለታለሁ። ትናንት ጠዋት ሞተ አሉኝ። አድራሻው ይኸው ነው።"

"ምን ሆኖ?"

"ልቡ ነው አሉ።"

"ይስል ነበር?"

ያፌት አያት። "ደረቅ ሳል። 'ይቅርታ ወንድሜ' ብሎ ይስልና ይመለሳል።"

ኢክራም "አስተግፊሩላህ" ብላ የሻዩን ክዳን ገጠመች።

ሐሴት መጠየቅ አልፈለገችም፤ ግን ጠየቀች። "ከመሞቱ በፊት ያለዎት ነገር አለ?"

"ድምፄን አንተ ስጥልኝ አለኝ።"

"ይገደብ በልልኝ ብሎ።"

"ኧረ አይደለም!" አለ ያፌት። "አይገደብ በልልኝ ነው ያለኝ። እኔ ድሮ ይገደብ ባይ ነበርኩ። የእኛን ሰፈር ቧንቧ ቢያዩት... በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚንጠባጠበው። ሶፎንያስ ግን እናቱ የተቀበረችው እዚያ ሸለቆ ውስጥ ነው። ስለ መቃብሯ ያወራልኝ ነበር። እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ቀስ በቀስ እምቢ አልኩ። ሚስቴ ውሃ ተሸክማ ስትገባ እያየሁ እምቢ አልኩ።"

"እኔ ሾላምድር ነው የተወለድኩት" አለች ሐሴት። "እናቴ የተቀበረችው እዚያ ነው። እኔ ነኝ ይገደብ የምለው።"

 ጭጋጉ እግራቸው ስር ደረሰ። በመጨረሻ ያፌት፣ አርባ ዓመት ልጆችን ያስተማረ ሰው በለመደው አነጋገር፣ "አንድ ወገን ቢሆን ይገባኝ ነበር" አለ። "ግድቡን የሚፈልግ አታለለን እል ነበር። ሁለቱም ወገን አንዱን ሟች ተከራይቶታል። እህቴ፣ ድሮ የማስበውስ የራሴ ነበር? ወይስ እሱንም ሌላ ሰው ነው የነገረኝ?"

 ሲለያዩ እጁን ጨበጠችውና ሳታስበው "እግዚአብሔር ያጽናዎት" አለችው። እሱም "ያጽናሽ" አላት። ኢክራም ለስንብት እስከ አቀበቱ አፋፍ ሸኘቻቸው። ስትመለስ አግዳሚው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ነበር።

*

ሐሴት ወደ ደብረ ብርሃን አልተመለሰችም። ደሴ አንዲት የሩቅ ዘመዷ ቤት ሁለት ቀን ተኝታ ዋለች። በሦስተኛው ቀን ወንድሟ ጋር ልትደውል ስልኩን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። ድምፁን ብትሰማስ እሱ መሆኑን በምን ታውቃለች? ዓርብ በአውቶቡስ እስከ መገንጠያው ሄደች፤ ከዚያ ሦስት ሰዓት ያህል በእግሯ ወረደች። ሾላምድር ሞቃት ነው፤ ጋቢዋን አውልቃ ክንዷ ላይ ጣለች።

ኪሩቤልን ብርቱካኑን ውሃ ሲያጠጣ አገኘችው። ቦዩን እየመራ ጎንበስ ብሏል፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። "ኪሩቤል" አለችው። ተፍቶባት፣ ዞሮ ቢሄድ ተዘጋጅታ ነበር። እሱ ግን አካፋውን ጥሎ፣ ፊቱ በርቶ፣ እየሮጠ መጣ።

"እታለም! ምነው ሳትነግሪኝ? እሁድ ስናወራ እመጣለሁ አላልሽኝም እኮ!"

ሐሴት ባለችበት ቀረች። "የትኛው እሁድ?"

"ያለፈው ነዋ! ምን ሆነሻል፣ ፀሐዩ መታሽ እንዴ?"

ከጥላው ስር አስቀምጧት ውሃ ሲሰጣት ቀስ እያለች ጠየቀችው። እሱም እንደ ቀልድ መለሰላት። ስልክ በዘጋባት በሳምንቱ ደውላ፣ አልቅሳ ይቅርታ ጠይቃዋለች። ከዚያ ወዲህ አንድ እሁድ አምልጧት አያውቅም። ስለ ጉልበቱ ሕመም ትጠይቀዋለች። የሞተችውን ሚስቱን በስሟ እየጠራች ታጽናናዋለች። ልጅ ሆነው ወንዝ ዳር ያደረጉትን ታስታውሰዋለች፤ እሱ ራሱ የረሳውን ሳይቀር።

"ስለ ግድቡስ?" አለች ሐሴት።

"እሱንማ አሳመንሽኝ እኮ። ስንት እሁድ ፈጀብሽ!" ሳቀ። "አንቺ ባትለምኚኝ በሬሳዬ ነበር። አሁን ግን ይገደብ ነው የምለው። አብሬሽ ደብረ ብርሃን ልኖር አይደል? ክፍል አዘጋጅቼልሃለሁ ብለሽኝ የለ!"

"ኪሩቤል፣ እኔ አሥራ አራት ወር አልደወልኩልህም።"

አላመናትም። ስትምልለት ሳቁ እየከሰመ ሄደ። እጇን ያዘ፣ ለቀቀ፣ ፊቷን አተኩሮ አየ፤ ሐሴት ከዚያ አተያይ በላይ የሚያስፈራ ነገር በሕይወቷ አላጋጠማትም። ወንድሟ ከሁለቱ የትኛዋ እህቱ እንደሆነች እያመዛዘነ ነበር፤ ሚዛኑም ወደ እሷ አያጋድልም።

"እና አኩርፈሽኝ ነበር?" አለ በመጨረሻ። "አሥራ አራት ወር ሙሉ?"

"አዎ።"

"ጉልበቴን እንዳመመኝ አታውቂም ነበር?"

"አላውቅም።"

ተነስቶ ወደ ቦዩ ሄደ። ውሃው መንገዱን ስቶ መሬቱ ላይ ፈሶ ነበር።

*

በቀሩት ቀናት ሐሴት ሾላምድርን ቤት ለቤት ዞረች። በየቤቱ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ የምታወሩት ሰው በአካል መጥቶ ያውቃል ወይ። በየቤቱ እንዲህ የሚደውል ሰው ነበረ። አንዱ ከከተማ ልጁ ጋር ያወራል፣ አንዷ ከድሮ ጓደኛዋ ጋር፣ ዲያቆኑ ከቀድሞ መምህሩ ጋር። ሁሉም ተለምነዋል። ሁሉም ይገደብ ለማለት ቃል ሰጥተዋል።

አርሴማ የምትባል የዕድሜ እኩያዋ በሩ ላይ አቆመቻት። ልጇ ስደት ከሄደ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ ከዓመት ወዲህ በየቀኑ ይደውላል። "ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት አልደወለም" አለች አርሴማ። "ታውቂያለሽ ስድስት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ? አሁን 'በላሽ ወይ' ይለኛል። እንበልና እውነትሽን ነው። አፉን ዘግተሽብኝ በምትኩ ምን ትሰጪኛለሽ?"

ሐሴት ከደጃፉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

"ሂጂ በይ። ልጄን አትግደዪብኝ።"

ከዚያ በኋላ ሌላ ቤት አላንኳኳችም።

ሐሙስ ማለዳ ሰዉ የክት ልብሱን ለብሶ ትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰለፈ። ሐሴት የተመዘገበችው ደብረ ብርሃን ስለሆነ ድምፅ መስጠት አትችልም፤ ወንድሟን አጅባ ሄደች። ከዓርብ ወዲህ የተነጋገሩት ስለ ምግብና ስለ መኝታ ብቻ ነበር። ሰልፉ እየቀረበ፣ ከፊታቸው አራት ሰው ሲቀር፣ ኪሩቤል ሳያያት "እሺ፣ ምን ልበል?" አላት።

"እኔ ብነግርህ ከእሷ በምን ተለየሁ?"

"እህትህ ነኝ ብለሽ የለም? እህት ትናገራለች!" ሰው ዞሮ አያቸው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ንገሪኝ።"

"አይገደብ እላለሁ።"

"ለምን?"

ሐሴት አፏን ከፈተች። የእናታቸው መቃብር ልትል ነበር፤ ያፌት ከሶፎንያስ የሰማው ቃል ትዝ አላት። የሕፃናቱ ጥም ደግሞ የኖላዊት ነበር። የራሷን ፈለገች፤ እዚያ ቆማ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የራሷን ፈለገችና አጣችው።

"እንጃ" አለች። "እንዲሁ አይገደብ እላለሁ።"

ኪሩቤል ራሱን ነቀነቀ። "እሷ ምክንያት ነበራት" አለና ገባ።

ሲወጣ ምንም አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችም።

ሾላምድር ላይ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ድምፅ ሰጠ። ሁለት መቶ ሦስቱ ይገደብ አሉ፤ አሥራ አንዱ አይገደብ። በደረቁ ከተሞች ደግሞ ብዙ ሰው አይገደብ ብሎ ተገኘ፤ ለምን እንደሆነ ያወቀ የለም። ሁሉም ተደምሮ ግድቡ በጠባብ ልዩነት አለፈ። በማግስቱ የማንም ስልክ አልጠራም። አርሴማ ስልኳን ደጃፏ ላይ አስቀምጣ፣ መንገደኛ ሲያልፍ እየተነሳች፣ ሳምንቱን ሙሉ ቁጭ ብላ ነበር።

ኪሩቤል ወደ ደብረ ብርሃን አልመጣም። ከሌሎቹ ጋር አፋፉ ላይ በተሠራው አዲስ ሰፈር ቤት ተሰጠው። ሐሴት የግድግዳዋን ገመድ ነቅላ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ እየተሳፈረች ትሄድለታለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ስለ ጉልበቱ ስትጠይቀው አጭር መልስ ይመልስላት ነበር፤ እየቆየ ግን ረዘም አደረገው።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት ውሃው ሞላ። ሰፈሩ ሁሉ አፋፉ ላይ ወጥቶ ቆመ። ብርቱካኖቹ ጫፋቸው ብቻ ቀርቶ ይታይ ነበር፤ ከቀትር በኋላ እሱም ጠፋ። አንድ ሽማግሌ ምራቁን ዋጥ አድርጎ፣ "እኔ እኮ አይገደብ ብዬ ነበር" አለ። አጠገቡ የቆመው ሰው ደግሞ "እኔም ከአሥራ አንዱ አንዱ ነኝ" አለ። ዲያቆኑም አለ። አርሴማም አለች፤ ሐሴትን እያየች፣ ዓይኗን ሳትሰብር። ሐሴት መቁጠር ጀመረች። ሰው ወደ ቤቱ መመለስ እስኪጀምር ድረስ ስልሳ ሰባት ደረሰች። ሲናገሩ የሚዋሽ ሰው ፊት አልነበራቸውም። ያን ሐሙስ፣ ያን ወረቀት፣ እጃቸው አይገደብ ላይ ሲያርፍ፣ ጥርት አድርገው ያስታውሱት ነበር።

ኪሩቤል ብቻ ምንም አላለም። እጁን ኋላው አጣምሮ ውሃውን ያያል። ሐሴት ጠጋ ብላ ክንዱን ያዘችው። ሰዉ ሁሉ ሄዶ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ "እታለም" አለ።

"አቤት።"

"ምንም። ትመልሺ እንደሆነ ብዬ ነው።"